በመርፌ የተቀዳ ሐረግ

የእህቴ የጌጤ ኢታና ዓይን ቢጫ መሆኑን መጀመሪያ ያየው ባሏ ይገዙ ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር። ሽሮ ሜዳ ካለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እሱ ክር ያዳውራል፣ እሷ ትጠልፋለች። ይገዙ ሸማኔ ስለሆነ ቀለም አይስትም። ድንገት ሥራውን አቁሞ የያዘውን ክር ወደ ፊቷ አስጠጋ።

«ጌጤ፣ ተነሽና መስታወት እዪ።»

«ምን ሆንኩ?»

«ዓይንሽ ቢጫ ሆኗል።»

«የሸማኔ ማኅበሩ የሚያድላችሁ ክር ነው ቢጫ። ነጭ ክር ካያችሁ ስንት ዘመናችሁ!»

«ክሩ ነጭ ነው» አላት። «ቢጫዋ አንቺ ነሽ።»

ጎረቤቶች የወፍ በሽታ ነው አሉ፤ የሌሊት ወፍ ከጣራ ላይ ሸንታባት ይሆናል ተባለ። አንዲት ሴት ከእንጦጦ የተነቀለ ሥር አምጥታ በባዶ ሆድ እንድትጠጣው መከረቻት። ጌጤ ሥሩን በሁለት እጇ ተቀብላ አመሰገነች። አልጠጣችውም፣ አልጣለችውምም። አሥራ ሦስት ቀን ጠበቀች። ሽንቷ እንደ ሻይ ጠቆረ፤ ገላዋን እያሳከካት ሥራ አላስይዛት አለ። ሰኞ ኅዳር 17 እኔ ወደምሠራበት ሆስፒታል መጣች። የሕሙማን መዝገብ ክፍል ኃላፊ ስለነበርኩ ካርዷን ያወጣሁት ራሴ ነኝ።

ያኔ አርባ አንድ ዓመቷ ነበር። አባታችን ኢታና ከእንጦጦ ወዲያ ካለው አገር ወርዶ ጉለሌ የገባ ሰው ነው፤ የአንድ ሚስዮን ትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኖ ኖረ። እናታችን ስትሞት ጌጤ አሥራ አራት፣ እኔ ሦስት ዓመታችን ነበር። እሷ ከአምስተኛ ክፍል ወጥታ ከሚስዮኑ ሴቶች ጥልፍ ተማረች፤ እኔ እስከ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት በእሷ መርፌ ነው። ልጅ ሳለች ጉልበቷና ክርኗ እያበጠ የሚያሠቃያት ሕመም ነበራት። ያ ሕመም ሲለቃት የልቧን በር አጥብቦ ሄደ። ልቧ እርግዝና አይችልም ስለተባለች ከይገዙ ልጅ አልወለደችም። ዳገት ስትወጣ ሦስት ቦታ ላይ ትቆማለች፤ የሚያያት ሰው ግን ጫማዋን የምታስተካክል ነበር የሚመስለው። እንደደከማት ሰው እንዲያውቅባት አትወድም።

የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ አሥራ አንድ ሰዎች እሁድ እሁድ እነሱ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። መዝሙሩ ደጅ እንዳይሰማ ይገዙ ጸሎቱ እስኪያበቃ ይሸምናል፤ የእሱ አምልኮ መወርወሪያውን ሳያቋርጡ መወርወር ነበር። ጌጤም መዝሙር ስትመራ ድምፅዋን ከመወርወሪያው በላይ አታወጣም። ለገበያ ግን ስትጠልፍ የምትውለው መስቀል ነው። «ስጠልፍ የኛ ሰዎች ይቆጣሉ፣ ካልጠለፍኩ ገበያው ይቆጣል» እያለች ትስቅ ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተረከባት የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ዶክተር ሬድዋን ነው። ወጣት ነው፤ ውጭ አገር ተምሮ ሲመለስ አዲስ ሥራ ይዞ መጥቷል። ቀጭን ረጅም መርፌ በጎድን አጥንቶች መሀል ወደ ጉበት ያስገባና በመርፌው ቀለም ይረጫል፤ ከዚያ ራጅ ያነሣል። ሐሞት ከጉበት የሚወርድባቸው ቱቦዎች ሆድ ሳይከፈት በፊልሙ ላይ ነጭ ሆነው ይወጣሉ።

«ወይዘሮ ጌጤ፣ መርፌ ይፈራሉ?» ብሎ ጠየቃት።

«እኔ? በቀን ስንት ሺህ ጊዜ እንደምወጋ ቢያውቁ አይጠይቁኝም ነበር። ማለቴ... ሁልጊዜ የምወጋው ግን እኔ ነኝ።»

ረቡዕ ኅዳር 26 ተወጋች። ሬድዋን ሐሞቱ ወደ ውጭ እንዲፈስ ቀጭን ቱቦ በጎኗ ትቶ መርፌውን አወጣ። ፊልሙ ሲታጠብ ምስሉ ጥርት ያለ ነበር። ከጉበት የሚወርዱ ሁለት ቅርንጫፎች አሉ፤ ይገናኙና አንድ ግንድ ይሆናሉ። ከመገናኛው ዝቅ ብሎ፣ በግንዱ ቀኝ ጎን፣ ቀለሙ ዞሮት ያለፈ ክብ ባዶ ቦታ አለ። ሬድዋን በማስመሪያ ለካው። አሥራ አንድ ሚሊሜትር ሆነ።

በሐሞት ቱቦ ውስጥ የሚበቅል ነገር ብዙውን ጊዜ ካንሰር ነው። ከስንት አንዴ ግን ደግ እጢ ይገኛል፤ የማይዛመት፣ ሰውየው ሳያውቀው አብሮት የሚኖር። ሬድዋን ክቡ ጠርዙ ለስላሳ መሆኑን አይቶ ደግ ሊሆን ይችላል አለ። ዋናው ቀዶ ሐኪም ዶክተር ስብሐት ይህን አልተቀበሉም። ሰላሳ ዓመት ሆድ ሲከፍቱ የኖሩ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው።

«ለስላሳ ካንሰርም አይቻለሁ» አሉ። «ያልዳሰስኩትን ደግ ነው አልልም። እከፍታለሁ፣ ቆርጬ አወጣለሁ፣ ያኔ እነግራችኋለሁ።»

ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ልቧን አዳምጦ ከጠረጴዛው የመነሣቷ ነገር እኩል በእኩል ነው አለ። እንግዲህ የተያዝንበት ነገር ይህ ነበር። ካንሰር ከሆነና ካልተከፈተች በወራት ውስጥ ትሞታለች። ደግ እጢ ከሆነና ከተከፈተች ሊገድላት ለማይችል ነገር ስትል ጠረጴዛ ላይ ልትቀር ትችላለች። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳይከፍት የሚያውቅ ሰው የለም። ወደ ውጭ ለመታከም ያመለከትንበት ቦርድ የሚቀጥለው ስብሰባው በየካቲት መሆኑን ነገረን። ቀበሌዋ ደግሞ ከስብሰባ ለቀረችበት የሆስፒታል ማስረጃ ጠየቀ፤ ያንን በዚያው ቀን ጻፍኩ። ቀዶ ሕክምናው ለሐሙስ ታኅሣሥ 4 ተያዘ። የፈቃዱ ወረቀት ሳይፈረም በይገዙ ኪስ ውስጥ ይዞር ነበር። ሬድዋን ሰፈራ ጣቢያ እንዲዘምት ስለታዘዘ ቅዳሜ ታኅሣሥ 6 ከአዲስ አበባ ይወጣል።

ዓርብ ኅዳር 28 ሬድዋን ወደ መዝገብ ክፍሉ መጥቶ በሩን ዘጋ።

«ሰናይት፣ እህትሽ ከዚህ በፊት የሐሞት ቱቦ ራጅ ተነሥታ ታውቃለች? ካንሰር ዓመታት ሙሉ ሳያድግ አይቀመጥም። የድሮ ፊልም ላይ ይኸው ክብ በዚሁ መጠን ካለ፣ ስብሐትም ቢሆኑ የሚሉት ያጣሉ።»

መዝገቡን መግለጥ አላስፈለገኝም፤ ግን ገለጥኩለት። መጋቢት 1968፣ የፊልም ቁጥር 1147፣ በደም ሥር መድኃኒት ተሰጥቶ የተነሣ የሐሞት ቱቦ ራጅ። ያኔ ከጎድኗ ሥር ያማት ነበር፤ ፊልሙን ያነበበው ሰው ጠጠር የለም ብሎ ልኳታል። የልብ ሐኪም ዘንድ ይዛው እንድትሄድ ፊልሙ ለራሷ ተሰጠ። «የተመለሰበት ቀን» በሚለው ዓምድ ላይ፣ በቀይ ቀለም፣ «ጠፍቷል፣ 1972» ተብሎ ተጽፏል።

«ጠፍቷል» አልኩት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«መዝገቡ ነው የሚለው።»

«መዝገቡን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

ሥራ በጀመርኩበት በ1972 ፊልም ወስደው ላልመለሱ ሁሉ ደብዳቤ ልኬ ነበር፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ደብዳቤ። አንዱ ለጌጤ ነው። ደብዳቤውን ይዛ ቢሮዬ መጣች።

«'በአስቸኳይ እንዲመልሱ ያሳስባል'! ለኔ? እርስዎ ብለሽ?»

«እትዬ፣ ለሁሉም የተጻፈው አንድ ዓይነት ነው።»

«በቃ ጠፋ በይው።»

«ጠፍቶ ነው ወይስ እንዲሁ ጠፋ ልበል?»

«ጠፋ አልኩሽ እኮ!»

ጻፍኩት። በሥራዬ ላይ ቃላቸውን ተቀብዬ ጠፍቷል ያልኩት የብዙ ሰው ነው። ሌላ የማረጋግጥበት መንገድ አልነበረኝም፤ የእሷን ግን ማረጋገጥ እችል ነበር።

እሁድ ኅዳር 30 ከሰዓት በኋላ ልጠይቃት ገባሁ። ይገዙ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጧል። ከጎኗ የወጣው ቱቦ ጠርሙስ ውስጥ ይንጠባጠባል፤ ዓይኗ ትንሽ ነጣ ብሏል። ሬድዋን የጠየቀኝን ነገርኳት። መውቀስ አልፈለግሁም፤ ግን ወቀስኳት።

«ያ ፊልም ባይጠፋ ኖሮ ሐሙስ ቢላዋ ባልነካሽ ነበር።»

ይገዙን አየችው። ይገዙ መሬት መሬት አየ።

«ንገራት» አለችው።

«የወሰድሽው አንቺ፣ የቆረጥሽው አንቺ፣ የምነግራት እኔ?»

«ምኑን ነው የቆረጠችው?» አልኩ።

«ሰኒ፣ አትጩኺ። ሰው ይሰማል» አለች። «አልጠፋም። ቤት ነው ያለው። ግን አሁን ፊልም አይደለም።»

ከዚያ ነገረችኝ። ጥልፍ ጠላፊዎች የሚጠልፉትን ሐረግ አስቀድመው ጠንካራ ነገር ላይ በመርፌ ይወጉታል፤ የተወጋውን በጨርቁ ላይ ዘርግተው ሰማያዊ ዱቄት ሲያሹበት ነጥቦቹ ጨርቁ ላይ ይወርዳሉ። ወረቀት ቶሎ ይቀደዳል፤ ፕላስቲክ በዚያ ዘመን አይገኝም። የራጅ ፊልም ግን በበረኪና ተዘፍዝፎ ሲታሸት ጥቁሩ ይለቅና እንደ መስታወት ይጠራል፤ ዓመታትም ያገለግላል።

«ደብዳቤ የጻፍሽላቸው ሰዎች ፊልም ግማሹ ሽሮ ሜዳ ነው ያለው» አለች። «የስንቱ ጎድን ቀሚስ ላይ እንደወጣ አንድዬ ይወቀው።»

«የመንግሥት ንብረት ነው እኮ!»

«ታዲያ ስትሰሚ እንዲህ እንደምትሆኚ ስለማውቅ አይደል ጠፋ ያልኩሽ?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ምስሉ ታጥቦ ሄዷል ማለት ነው። በመዝገቤ ላይ ያለው ቃል ሐሰት ነበር፣ እውነቱ ደግሞ አልረዳንም። ጌጤ ናት የቀጠለችው።

«ከማጠቤ በፊት ግን ሐረጉን ወግቼዋለሁ።»

«የምን ሐረግ?»

«ፊልሙ ላይ የነበረውን ነዋ! ነጭ ሐረግ ነበረበት፤ አንድ ግንድ፣ ሁለት ቅርንጫፍ። ከሆዴ የወጣ ስለሆነ ገበያ ውስጥ ማንም የለውም ብዬ ቀዳሁት። ነጭ የሆነውን ሁሉ ወጋሁ፣ ከዚያ ነው በረኪና ውስጥ የከተትኩት። 'የጌጤ ሐረግ' እያሉ ስንት ሰው ገዛው መሰለሽ።»

ከይገዙ ጋር በውይይት ታክሲ ሽሮ ሜዳ ወጣን። ከአልጋ ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ስቦ አወጣ፤ ውስጡ በሰማያዊ ዱቄት የታጠነ ይመስል ነበር። ከስምንት የጠሩ ፊልሞች መሀል አንዱን መዘዘልኝ። መስኮቱ ላይ ይዤ አየሁት። ግንዱ አለ፣ ሁለቱ ቅርንጫፎች አሉ፣ ዙሪያውን ቅጠሎች አሉ። ከግንዱ ቀኝ ጎን በጥቃቅን ቀዳዳ የተከበበ ክብ አለ። የታችኛው ጠርዝ ላይ ሌላ የቀዳዳ ረድፍ ነበር፤ መጀመሪያ የሐረግ ጫፍ መሰለኝ። አዙሬ ሳነበው ቁጥር ሆነ። 1147።

የፊልም ቁጥር በእርሳስ ፊደል ስለሚደረግ በምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ነጭ የሆነውን ሁሉ ወግታለች፤ ቁጥሩን ሳይቀር።

ሰኞ ታኅሣሥ 1 ጠዋት ፊልሙን ይዤ ሬድዋን ዘንድ ገባሁ። ቀዳዳዎቹ እንዲታዩ በእያንዳንዱ ላይ በብዕር ነጥብ አደረግሁ፤ ያለቅጠሎቹ ሦስት መቶ አርባ ሁለት ነበሩ። አዲሱን ፊልም መብራቱ ላይ ሰቀለው፣ የጌጤን ከላዩ ደረበው፣ ትንሽ አዘመመው። ግንዱ በግንዱ ላይ ዋለ። ቅርንጫፎቹ በአንድ በኩል ብቻ ጥቂት ይለያዩ ነበር። ክቡ በክቡ ላይ አረፈ። ማስመሪያውን እኔ ያዝኩ፤ አሥራ አንድ ሚሊሜትር።

ሬድዋን ዶክተር ስብሐትን ጠራቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩ።

«ይህ ጥልፍ ነው» አሉ። «እኔ በጥልፍ ሆድ አልከፍትም። ለመክፈት የወሰንኩትንም በጥልፍ አልተውም።»

«ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር አንድ ነው፣ ጌታዬ» አልኩ።

«ቁጥሩ ፊልሙ የእሷ መሆኑን ይነግረኛል። ክቡን ለማሳመር የጨመረችው አለመሆኑን አይነግረኝም። ቅጠል የጨመረ ሰው ፍሬ አይጨምርም?»

እኔም ብሆን በዚያ ማስረጃ አልፈርምም ነበር። እሳቸው ግን ፊልሙን አንሥተው ወደ አልጋዋ ሄዱ፤ ተከተልናቸው።

«ወይዘሮ ጌጤ፣ እነዚህ ቅጠሎች የማን ናቸው?»

«የኔ ናቸው። ሐረግ ያለ ቅጠል አይሸጥም።»

«ይህ ክብስ?»

«እሱ የኔ አይደለም። ነበረ።»

«ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ለማሳመር ጨምረውት ረስተውት ይሆናል።»

ጌጤ ተቆጣች። ታማ ሳለች የተቆጣችው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ለማሳመር? ዶክተር፣ ይህ ያምራል? ለማሳመር ቢሆን ግንዱ መሀል አደርገው ነበር፣ ሌላኛው ጎን ላይም ጓደኛ እሰጠው ነበር። አንድ ለብቻው ጎን ላይ የተለጠፈ ክብ ምን ያምራል! ገዢዎቹ ራሳቸው 'ይህቺ ምንድን ናት፣ አውጪያት' ይሉኝ ነበር።»

«ለምን አላወጧትም ታዲያ?»

«ስቀዳ ያለውን አልተውም። እንደሱ ነው የተማርኩት።»

ስብሐት ሬድዋንን ሌላ ፊልም አስመጡት፤ የማይታወቅ ሰው የቁርጭምጭሚት ራጅ ነበር። ከጌጤ አልጋ ራስጌ ካለው ቦርሳ መርፌ አወጡ፤ አልጋ ላይም ሆና መርፌ አይለያትም። «ይህን ይቅዱልኝ» አሏት። ፊልሙን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ ቱቦው እንዳይሳብ ይገዙ ይዞላት፣ አርባ ደቂቃ ያህል ወጋች። ላብ ላብ አላት። መሀል ላይ ይገዙ «ቅጠል እንዳትጨምሪ» ሲላት ስብሐት እንኳ ፈገግ አሉ።

የወጋችውን ፊልም በብርሃን ይዘው ከአጥንቱ ጠርዝ ጋር አሥራ ሁለት ቦታ ላይ ለኩ። እኔ ቁጥሩን ጻፍኩ። ከሁሉም የከፋው ስሕተት ግማሽ ሚሊሜትር አልሞላም።

ስብሐት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እንግዲህ ይስሙኝ» አሏት። «ክቡ ዘጠኝ ዓመት እዚያው እንደነበረና እንዳላደገ ልቀበል። ያኔ ደግ ነው ማለት ነው፤ አሁን የዘጋብዎ እብጠት ወይም የተጠራቀመ ዝቃጭ ነው፣ በመድኃኒትና በዚህ ቱቦ ይለቃል። ከተሳሳትን ግን የምናውቀው በየካቲት ነው። በየካቲት ደግሞ ለቢላዋ ይረፍዳል። ሆዱ የርስዎ ነው። ምን ይላሉ?»

ጌጤ ወደኔ አየች። መዝገቡ ያለውን ሁሉ ተናግሯል።

«ልቤ እኩል በእኩል ከተባለ» አለች፣ «እጄ ከዚያ ይበልጣል። አይክፈቱኝ።»

ዶክተር ስብሐት ካርዷ ላይ የጻፉት «ቀርቷል» አይደለም፤ «ይቆይ» ነው። በየሦስት ወሩ እንድትታይ አዘዙ።

ቱቦው በታኅሣሥ 15 ወጣ። ጥር ሲገባ ዓይኗ ነጣ፤ ማሳከኩም ተዋት። ሬድዋን በቀኑ ዘመተ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ደብዳቤ ጽፎ ስለ ዓይኗ ጠየቀ፣ መለስኩለት፣ ሁለተኛ አልመጣም። ጌጤ ወደ ሽሮ ሜዳ ተመልሳ መጥለፍ ጀመረች። ነጻ የወጣች ይመስል ነበር። ግን አልወጣችም። «ይቆይ» የሚለው ቃል በየሦስት ወሩ ይታደሳል። ከሦስት ወር በላይ የሚፈጅ ሥራ አትቀበልም ነበር። ለሠርግ የሚሆን ሙሉ ልብስ ሲያመጡላት «ለሌላ ሰው ስጡት፣ ሳልጨርሰው ብታመምስ?» ትላለች። ትንሽ ካሳከካት ይገዙ ሥራውን ጥሎ ይነሣል። እኔ ክብደቷን በየወሩ መዝግቤ እይዝ ነበር፤ አንድ ኪሎ ስትቀንስ ሦስት ቀን ምግብ አይወርድልኝም።

አንድ ቀን ደጃፏ ላይ ስንሰነባበት እጇን አፌ ላይ አድርጋ አስቆመችኝ።

«ሰኒ፣ ስትስሚኝ ዓይኔን ነው የምታዪው።»

«አላይም።»

«ታያለሽ። ሁላችሁም ታያላችሁ። በመጣሽ ቁጥር ምርመራ ገብቼ እንደምወጣ ነው። እኔን እዪኝ እንጂ።»

ከዚያ በኋላ ስስማት ጆሮዋን ወይም ነጠላዋን አያለሁ። ሳታስተውለኝ ግን ዓይኗን አይ ነበር። የመጨረሻዎቹ አምስት ዓመታት እንዲህ ሄዱ፤ ሦስት ሰዎች አንድ ክብ ነገር ስንጠብቅ።

ክቡ አልመጣም። የመጣው ልቧ ነው። በ1982 መጋቢት እግሯ አበጠ፣ ተኝታ መተንፈስ አቃታት። ረቡዕ ሚያዝያ 10 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት፣ በዚያው ሆስፒታል ሞተች። ዓይኗ ነጭ ነበር።

ዶክተር ስብሐት ጡረታ ሊወጡ ወራት ቀርቷቸው ነበር። ቢሮዬ መጥተው ቆመው አጽናኑኝ፤ ከዚያ ከኪሳቸው አንድ ወረቀት አወጡ። አስከሬን ለመመርመር ቤተሰብ የሚፈርምበት ፈቃድ ነው።

«ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አሉ። «ግን ነገ ትቀበራለች። ሰናይት፣ አምስት ዓመት ከአራት ወር። ማወቅ አትፈልጊም? እኔ እፈልጋለሁ።»

እፈልግ ነበር። ከዚያ በላይ የፈለግሁት ነገር አልነበረም። አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ፣ ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ፤ ያኔ ያልተዘጋው ዓምድ ይዘጋል፣ መርፌዋ ትክክል እንደነበር በማኅተም ይጻፍላታል። ወረቀቱን ይዤ ወረድኩ። ይገዙ አስከሬን ክፍሉ በር ላይ፣ ራሱ የሸመነውን ነጭ ልብስ በክንዱ ይዞ ቆሟል። ነገርኩት።

«ክብ ሆኖ ቢገኝ ለሷ ምን ይጨመርላታል?» አለ።

«ምንም። ለመዝገቡ ነው።»

«ሌላ ነገር ሆኖ ቢገኝስ? እነዚያን አምስት ዓመታት ምን እንበላቸው?»

«የኖረቻቸው ናቸው» አልኩ። «ምንም ቢገኝ አይለወጡም።»

«ታዲያ?»

ልብሱን ከአንድ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ። ብዕሩ በእጄ ነበር፤ እሱም የምፈርመው እኔ እንደሆንኩ ያውቃል፤ ያኔም ካንሰር ነው ከተባለ አብሬው የምሸከመው እኔ ብቻ ነኝ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ፊርማዬን የማደርግበት መስመር ላይ ዓይኔ ቆመ። ከዚያ «አይክፈቱኝ» ያለችው ለሐሙስ ታኅሣሥ 4 ብቻ ነው ለማለት አለመቻሌን አወቅሁ። ስትናገር ቀን አልጠቀሰችም።

ወደ ላይ ተመልሼ ወረቀቱን ለስብሐት ሰጠኋቸው።

«ባዶ ነው» አሉ።

«አዎ።»

ካርዷን ከጠረጴዛዬ አንሥተው የመጨረሻው ምርመራ ውጤት የሚጻፍበት ላይ ብዕራቸውን አሳረፉ። «እዚህ ምን ልጻፍ?»

«ደግ እጢ፣ በቀዶ ሕክምና ያልተረጋገጠ።»

«እንዲህ ያለ ካርድ ሳቀርብልሽ 'አልተሟላም' ብለሽ መልሰሽ ትልኪብኝ ነበር።»

«እልክብዎ ነበር» አልኩ።

ጻፉና ፈረሙ። ካርዱን ተቀብዬ ቁጥሩን አየሁ፣ ቀኑን አየሁ፣ በሟቾች መደርደሪያ በቦታው አስገባሁት። ከዚያ ይገዙ ወደቆመበት ልብሱን ሲያለብሳት ላግዘው ወረድኩ።